ዋልካ የያዘው ኤሌክትሮን



በነሐሴ ከጊንጪ ገበያ ሸምቶ የሚመለስ ገበሬ ሁለት ዓይነት ጉዞ ይጓዛል። እስከ አስፋልቱ ዳር ያለው ቀላል ነው፤ እያወጉ ያልፉታል። ሁለተኛው የሚጀምረው አስፋልቱን ለቅቆ ጥቁሩ አፈር ውስጥ ሲገባ ነው። አምስት እርምጃ ሳይራመድ ዋልካው ጫማውን ይለብሰዋል፤ አሥር ሲሞላ እግሩን መንቀል ራሱ ሥራ ይሆንበታል። የጭልሞ ደን ጥድና ዝግባ ከሩቅ ጉም ለብሶ ይታየዋል፤ ቤቱ ግን የቀረበው አይመስልም። ይህን ሰው እግሩን አጥቦ ሚዛን ላይ ቢያቆሙት ጠዋት ከነበረው አንዲት ኪሎ አልጨመረም። የከበደው እርምጃው ነው፤ መሬቱ ይይዘዋል፣ እሱም መሬቱን ይዞ ይነሳል።

የዛሬው ዲስኩር ተመሳሳይ ዕጣ ስለ ደረሳቸው ኤሌክትሮኖች ነው። በአንዳንድ ብረት ነክ ቁሶች ውስጥ ኤሌክትሮን ከተፈጥሮ ክብደቱ መቶ እጥፍ፣ አንዳንዴም ሺህ እጥፍ የከበደ ይመስል እየተጎተተ ይሄዳል። የፊዚክስ ሰዎች እነዚህን ቁሶች «ከባድ ፌርሚዮን» ይሏቸዋል። የሚያስደንቀው ታሪካቸው የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው። አንዳንዶቹ ቀዝቅዘው ሲጨመቁ እነዚያ ዋልካ የያዛቸው ኤሌክትሮኖች ድንገት ያለ አንዳች እንቅፋት መፍሰስ ይጀምራሉ። እንዴት እንደሆነ ለመረዳት መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሆላንዳዊው ሄይከ ካመርሊንግ ኦነስ በላይደን ከተማ በ1908 ሂሊየምን ወደ ፈሳሽነት ለወጠ። በዚህም በጊዜው በምድር ላይ ትልቁ ቅዝቃዜ እጁ ገባ። ይህን ቅዝቃዜ የሚለኩት በኬልቪን ነው፤ ዜሮ ኬልቪን ማለት ከበረዶ ነጥብ 273 ዲግሪ ዝቅ ብሎ የሚገኝ፣ ከዚያ በታች ምንም የሌለበት ወለል ነው። በ1911 ኦነስና ባልደረቦቹ ሜርኩሪን ወደ 4.2 ኬልቪን ሲያወርዱት የኤሌክትሪክ እንቅፋቱ ቀስ በቀስ መቀነሱን ትቶ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ከዚህ ቁስ በተሠራ ቀለበት ውስጥ አንዴ የተለቀቀ ኤሌክትሪክ ያለ ባትሪ ሲዞር ይኖራል። ሱፐርኮንዳክተር የተባለው ይህ ነው። ዛሬ የብዙ ኤምአርአይ ማሽኖች ማግኔት የሚሠራው በፈሳሽ ሂሊየም ከተነከረ እንዲህ ካለ ሽቦ ነው።

ምክንያቱን ለማግኘት 46 ዓመት ፈጀ። በ1957 ጆን ባርዲን፣ ሊዮን ኩፐርና ሮበርት ሽሪፈር የተባሉ ሦስት አሜሪካውያን መልሱን አገኙ፤ በ1972ም የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው። መልሱን በእኛ አገር ወግ ለማስረዳት ሽማግሌ መላክን ማሰብ ይበቃል። ሁለት ኤሌክትሮኖች ሁለቱም ኔጋቲቭ ስለሆኑ ፊት ለፊት ሲገናኙ ይገፋፋሉ እንጂ አይቀራረቡም። ነገር ግን አንዱ ሲያልፍ በዙሪያው ያሉትን ፖዘቲቭ አቶሞች በጥቂቱ ወደ ራሱ ይስባል። አቶሞቹ ከባድ ስለሆኑ ወደ ቦታቸው የሚመለሱት ዘግይተው ነው። በዚያች ቅጽበት ሁለተኛው ኤሌክትሮን የተሰበሰበውን ፖዘቲቭ ኃይል ተከትሎ ይመጣል፤ በአቶሞቹ ሽምግልናም ሁለቱ ይጣመራሉ። የተጣመሩት ሁሉ ደግሞ አንድ ላይ፣ እንደ አንድ ሰልፍ ስለሚጓዙ አንዱን ነጥሎ ማደናቀፍ አይቻልም።

በዚህ ጋብቻ ላይ አንድ የታወቀ ጠላት ነበር፦ ማግኔት። ኤሌክትሮን ስፒን የተባለ ውስጣዊ ሽክርክሪት አለው፤ በተለመደው ጥንድ ውስጥ የአንዱ ስፒን ወደ ላይ ከሆነ የሌላው ወደ ታች ነው። ማግኔታዊ አቶም መካከላቸው ሲገባ ሁለቱንም ወደ አንድ አቅጣጫ ሊያዞር ይታገላል፣ ጥንዱም ይፈርሳል። በ1958 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ በርንድ ማቲያስና ባልደረቦቹ ላንታነም በተባለው ብረት ላይ ጋዶሊኒየም የሚባል ማግኔታዊ ብረት ከመቶ አንድ እጅ ያህል ቢጨምሩበት ሱፐርኮንዳክቲቪቲውን፣ ማለትም ሱፐርኮንዳክተርነቱን፣ ለማጥፋት በቃ። ከዚያ በኋላ አዲስ ሱፐርኮንዳክተር የሚፈልግ ሰው ከማግኔት መራቅን እንደ ሕግ ይዞ ቆየ።

እዚህ ላይ አንድ የኪስ ዕቃ ማስታወስ ይገባል፤ ላይተር። ስትጫን እሳት የምትረጨው የላይተር ድንጋይ እውነተኛ ድንጋይ አይደለችም። ከብረትና ሬር ኧርዝ ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች የተቀየጠች ናት፤ ከእነዚህም ዋናው ሴሪየም ነው። በ1803 የተገኘው ይህ ብረት ከባድ ኤሌክትሮኖች ለሚታዩባቸው ለብዙዎቹ ቁሶች ዋነኛው ቅመም ነው። የሴሪየም አቶም ከኒውክለሱ አጠገብ ተሸጉጣ የምትኖር አንዲት ኤሌክትሮን አለችው። ጎረቤት አትጠይቅም፣ አትዘዋወርም፤ በራሷ ትንሽ ማግኔት ናት። በብረቱ ውስጥ የሚዘዋወሩት ሌሎች ኤሌክትሮኖች ሙቀት እያለ ቤቷን አልፈው ይሄዳሉ። ቅዝቃዜው ሲበረታ ግን እያንዳንዱ ተጓዥ በየደጁ ይያዛል። የምትኖረዋ ኤሌክትሮን ማግኔትነቷን በተጓዦቹ ስፒን ትሸፍናለች፤ ተጓዦቹም እሷን ሳይጎትቱ መራመድ ይሳናቸዋል። የዚህን መያያዝ መሠረት በ1964 ያስረዳው ጃፓናዊው ጁን ኮንዶ ነው። ጊንጪ ላይ ዋልካ የሚሉት ነገር በክሪስታል ውስጥ ይህ ነው።

በ1975 ክላውስ አንድረስ፣ ጆን ግሬብነርና ሃንስ ሩዶልፍ ኦት የሴሪየምና የአሉሚኒየም ውህድ የሆነውን ሴሪየም አሉሚኒየም 3 ሲለኩ፣ ቁሱን በትንሽ ዲግሪ ለማሞቅ የሚጠይቀው ሙቀት ከተለመዱ ብረቶች እጅግ የበለጠ ሆኖ አገኙት። ከቁጥሩ ሲሰላ ኤሌክትሮኖቹ ከነጻ ኤሌክትሮን አንድ ሺህ እጥፍ ያህል የከበዱ ይመስላሉ።

እንግዲህ በአንድ በኩል በየቦታው ትንንሽ ማግኔት የተተከለበት ቁስ፣ በሌላ በኩል የሚጎተት ኤሌክትሮን። ሱፐርኮንዳክተር ለመፈለግ ከዚህ የባሰ ቦታ ያለ አይመስልም ነበር። በ1979 ጀርመናዊው ፍራንክ ሽቴግሊሽ ከባልደረቦቹ ጋር ሱፐርኮንዳክተሩን ያገኘው እዚሁ ነው፤ ሴሪየም፣ መዳብና ሲልከን በአንድ ለሁለት ለሁለት በተዋሐዱበት ቁስ ውስጥ፣ በግማሽ ኬልቪን ገደማ። ብዙዎች አላመኑትም። በሌላ ላቦራቶሪ የተሠራ ተመሳሳይ ናሙና ሱፐርኮንዳክተር ሳይሆን ስለቀረ ነገሩ የቆሻሻ ውጤት ነው ተባለ። ከሽቴግሊሽ ቡድን ማስረጃዎች ሁለቱ ግን ጠንካራ ነበሩ። ሴሪየሙን አውጥተው ማግኔት የሌለውን ላንታነም ሲያስገቡበት ሱፐርኮንዳክቲቪቲው ጠፋ፤ ማለትም ጠላት የተባለው ሲወጣ ጋብቻው ፈረሰ። ሌላው ደግሞ ቁሱን ለማሞቅ የሚጠይቀው ሙቀት ሲለካ የታየው ዝላይ ነበር። ዝላዩ እንደ ከባዶቹ ኤሌክትሮኖች ግዙፍ ስለነበር፣ የተጣመሩት ከጎን ያሉ ቀላል ኤሌክትሮኖች ናቸው ማለት አልተቻለም። ዋልካ የያዛቸው ራሳቸው ነበሩ የተጋቡት።

አለማመን ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አለ። ከሽቴግሊሽ አራት ዓመት ቀድሞ፣ በ1975፣ የቤል ላቦራቶሪ ቡድን ዩራኒየምና ቤሪሊየም በተዋሐዱበት ቁስ ላይ በ0.97 ኬልቪን እንቅፋቱ ሲጠፋ አይቶ ነበር። ማግኔታዊ በሚመስል ቁስ ውስጥ ይህ ሊሆን አይችልም ብሎ፣ በናሙናው ውስጥ የቀረ የንጹሕ ዩራኒየም ክር ሥራ ነው ሲል ዘጋው። በ1983 እነ ኦትና ዛከሪ ፊስክ ያንኑ ቁስ እንደገና ሲመረምሩ ሱፐርኮንዳክቲቪቲው የቁሱ የራሱ ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ ግፊት። አምቦ ለተወለደ ሰው ግፊት አዲስ ትምህርት አይደለም። የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ክዳኑ ሳይነሳ ዝም ያለ ውኃ ይመስላል፤ ሲከፈት ጋዙ ተፍለቅልቆ ይወጣል። ውኃውም ጋዙም ያው ናቸው፤ የተለወጠው ግፊቱ ብቻ ነው። አምቦ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሩ ሳስቷል፤ በዚህም የተነሳ ውኃ 100 ሳይደርስ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላ ቶሎ እንዲበስልላት የምትሻ እናት ፕሬዠር ኩከር የምትገዛውም ለዚህ ነው።

የፊዚክስ ላቦራቶሪ ግፊት ከዚህ እጅግ ይልቃል። መለኪያው ጊጋፓስካል ነው፤ አንዱ ጊጋፓስካል አሥር ሺህ የአየር ግፊት ያህል ይሆናል። በውቅያኖስ ጥልቁ ወለል ላይ ያለው ግፊት የዚህ አንድ ዘጠነኛ ገደማ ነው። ይህን ለማምጣት ምሥጢሩ ጉልበት ብዙ ማድረጉ ላይ ብቻ አይደለም፤ ስፋቱን ማጥበብ ነው። ተረከዘ ቀጭን ጫማ ያደረገች ሙሽራ ዋልካ ላይ ብትቆም ከባለ በርባሶው ሰውዬ ይልቅ ጠልቃ ትገባለች። በሁለት አልማዞች ሹል ጫፍ መካከል፣ ከሚሊሜትር ባነሰ ስፋት ላይ፣ በእጅ ብሎን በማጥበቅ ብቻ በአሥር የሚቆጠር ጊጋፓስካል ይገኛል።

እስከ 3 ጊጋፓስካል ድረስ ላለው ሥራ ደግሞ ቀለል ያለ መሣሪያ አለ፤ ከጠንካራ ቅይጥ የተሠራ ወፍራም ሲሊንደርና ፒስተን። የስንዴ ቅንጣት የምታክል ክሪስታል ቀጫጭን ሽቦዎች ተበይደውባት ዘይት በሞላባት ትንሽ የቴፍሎን ብልቃጥ ውስጥ ትገባለች፤ ዘይቱ ግፊቱን ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ያደርስላታል። በሃይድሮሊክ ፕሬስ ተጨምቃ፣ ብሎኑ ታስሮ፣ ከነሲሊንደሩ ማቀዝቀዣ ውስጥ ትወርዳለች። ውስጥ ያለውን ግፊት ለማወቅ አጠገቧ የእርሳስ ወይም የቆርቆሮ ብጣሽ ይቀመጣል፤ እነዚህ ራሳቸው ሱፐርኮንዳክተር ስለሆኑ፣ የሚለወጡበት ቅዝቃዜ በግፊት ምን ያህል እንደሚወርድ ደግሞ ስለሚታወቅ፣ ግፊቱን እነሱ ይናገራሉ። አንዱ ሱፐርኮንዳክተር ለሌላው መለኪያ ሆነለት።

የዚህ ጥበብ አባት የሃርቫርዱ ፐርሲ ብሪጅማን ነው፤ በ1946 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። እሱ ከጨመቃቸው ብረቶች አንዱ ሴሪየም ነበር። ሴሪየም በተለመደ ሙቀት ከአንድ ጊጋፓስካል በታች ሲጨመቅ በአንድ ጊዜ ከይዘቱ አንድ ስድስተኛ ያህሉን ያጣል። አቶሞቹ ሲቀራረቡ ያቺ የተሸጎጠች ኤሌክትሮን ከቤቷ ወጥታ ከተጓዦቹ ጋር መደባለቅ ትጀምራለችና፣ ማግኔትነቷም አብሮ ይሟሟል። እንግዲህ በሴሪየም ውህዶች ላይ ግፊት ማለት የማግኔትን ድምፅ ከፍና ዝቅ እንደሚያደርግ የሬዲዮ ቁልፍ ነው። ቅመም እየቀያየሩም ተመሳሳይ ለውጥ ማምጣት ይቻላል፤ ነገር ግን አዲስ ቅመም ክሪስታሉን ያቆሽሻል። ግፊት አያቆሽሽም፣ ሲፈለግም ይላላል።

በ1992 በጄኔቫ ዲድየ ዣካርና ባልደረቦቹ ይህን ቁልፍ በሽቴግሊሽ ቁስ የቅርብ ዘመድ ላይ አዞሩት። በዚህ ቁስ ውስጥ የሲልከኑን ቦታ ጀርማኒየም ይዞታል። የጀርማኒየም አቶም ከሲልከን ስለሚገዝፍ ክሪስታሉ ሰፋ ያለ ነው፤ በተለመደ ግፊትም ሱፐርኮንዳክተር ሳይሆን ማግኔታዊ ሥርዓት የያዘ ነው። 10 ጊጋፓስካል ገደማ ሲጨመቅ ግን በ0.64 ኬልቪን ሱፐርኮንዳክተር ሆነ። ሰፊውን ቤት ገፍተው ገፍተው የዘመዱን ቤት አሳከሉት፤ ጠባዩም አብሮ መጣ።

ነገሩን ያፈረጠው በ1998 የወጣው የካምብሪጅ ሥራ ነው። የጊል ሎንዛሪች ቡድን በጣም ንጹሕ የሆነ የሴሪየም፣ የፓላዲየምና የሲልከን ክሪስታል ወሰደ። ይህ ቁስ ሳይጨመቅ በ10 ኬልቪን ገደማ ማግኔታዊ ሥርዓት ይይዛል፤ ጎረቤት ለጎረቤት ስፒናቸው አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ሆኖ ይደረደራል። ግፊቱ ሲጨምር ሥርዓቱ የሚጀምርበት ሙቀት እየወረደ ይሄዳል፤ 2.8 ጊጋፓስካል ሲጠጋም ዜሮ ሊደርስ ምንም አይቀረውም። ሱፐርኮንዳክቲቪቲው ብቅ ያለው ልክ እዚያች ነጥብ ላይ ነው፤ በ0.4 ኬልቪን። ከዚያ በላይ ሲጨመቅ እሱም ይጠፋል። በወረቀት ላይ ሲሳል ማግኔት በሞተበት ቦታ ላይ የቆመ የጎጆ ክዳን ይመስላል። ቡድኑ ሴሪየምና ኢንዲየም ብቻ ባሉበት ሌላ ቁስ ላይም ያንኑ ጎጆ አገኘ።

ጎጆው የቆመበት ቦታ ብዙ ይናገራል። ሽማግሌዎቹ እንደ ጥንቱ አቶሞች ቢሆኑ ኖሮ፣ ሱፐርኮንዳክቲቪቲው ማግኔት ከጠፋ በኋላ እየተመቸው መሄድ ነበረበት። እሱ ግን ማግኔት ሲያጣጥር መጥቶ፣ ፈጽሞ ሲሞት አብሮ ሄደ። በዚያች ጠርዝ ላይ የስፒኖቹ ሥርዓት አልጸናም፤ አልጠፋምም፤ እንደ ሐምሌ ጉም እየተሰበሰበ ይበተናል። አንዱ ኤሌክትሮን ሲያልፍ በዙሪያው ያለውን የሚዋልል ማግኔት ያንቀሳቅሳል፣ ሌላውም ያንን እንቅስቃሴ ተከትሎ ይመጣል። የቀድሞው ጠላት ሽማግሌ ሆኖ ተላከ። ከዚህ ጋር የሚሄድ የጋብቻ ወግም አለ፤ በእነዚህ ቁሶች ውስጥ ጥንዶቹ አንድ ቦታ ላይ ፈጽሞ አይገናኙም። ይከባበራሉ፣ ርቀት ይጠብቃሉ፤ ከባድ ኤሌክትሮኖች በቅርብ ሲገናኙ የሚገፋፉት በብርቱ ነውና።

ከዚያ ወዲህ ምሳሌው በዛ። በ2000 በአሜሪካው የሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ ሴሪየም፣ ሮዲየምና ኢንዲየም የተዋሐዱበት ቁስ በ1.6 ጊጋፓስካል ገደማ ተጨምቆ በ2.1 ኬልቪን ሱፐርኮንዳክተር ሆነ። ሮዲየሙ በኮባልት ሲተካ ያለ ምንም ጭመቃ 2.3 ኬልቪን ተገኘ። በዚያው 2000 ካምብሪጅ ላይ የዩራኒየምና የጀርማኒየም ውህድ የባሰ ጉድ አሳየ። ይህ ቁስ እንደ ማቀዝቀዣ በር ማግኔት ስፒኖቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የዞሩ ነው፤ ሱፐርኮንዳክቲቪቲው የሚገኘውም በዚያው ማግኔትነት ውስጥ፣ ከ1 እስከ 1.6 ጊጋፓስካል ባለው ክልል ነው። ግፊቱ ማግኔትነቱን ሲያጠፋው ሱፐርኮንዳክቲቪቲውም ይጠፋል። እዚህ ጥንዶቹ ወደ አንድ አቅጣጫ የዞረ ስፒን እንዳላቸው ይታመናል፤ የ1957ቱ ወግ ተገለበጠ ማለት ነው።

ግማሽ ኬልቪን፣ ሁለት ኬልቪን ሲባል አንዳንድ ታዳሚ «ለዚህ ነው ይህ ሁሉ ድካም?» ይል ይሆናል። እነዚህ ቁሶች ለመብራት ማስተላለፊያ ሽቦ አይሆኑም። ነገር ግን ሀብትን ከባለሀብቱ ኪስ ጋር ማመዛዘን ይገባል። በአሉሚኒየም ውስጥ የኤሌክትሮኖቹ የእንቅስቃሴ ኃይል ወደ ሙቀት ሲመነዘር መቶ ሺህ ኬልቪን ይደርሳል፤ ሱፐርኮንዳክተር የሚሆነው ግን በ1.2 ኬልቪን ነው። በሽቴግሊሽ ቁስ ውስጥ ያ ኃይል ከአሥር ኬልቪን ብዙም አይርቅም፤ እሱ ግን በግማሽ ኬልቪን ይጣመራል። ካለው ላይ ሃያኛውን የሰጠ ነው። ማግኔት ምን ያህል ብርቱ ሽማግሌ እንደሆነ የሚታየው በዚህ ነው፤ በ1986 የተገኙት የመዳብ ኦክሳይድ ሱፐርኮንዳክተሮች ሲጠኑም ይህ ሐሳብ ዋና መንገድ ሆኗል።

ይህን ከሌላው የግፊት ዜና ጋር ማምታታት አይገባም። በ2015 የሚካኤል ኤሬሜትስ ቡድን በጀርመን ሃይድሮጅንና ድኝን 150 ጊጋፓስካል ገደማ ጨምቆ 203 ኬልቪን ላይ ደረሰ። እዚያ ግፊቱ የሚያበረታው የድሮዎቹን ሽማግሌዎች፣ የአቶሞቹን ንዝረት ነው። በከባድ ኤሌክትሮኖች ላይ ግፊት ሽማግሌውን ይቀይራል።

ከአገር ልጆች ለዚህ ጉዳይ የሚቀርብ ሥራ ያላት ሶስና ኃይሌ ናት። የታሪክና የግዕዝ ሊቁ የጌታቸው ኃይሌ ልጅ፣ አዲስ አበባ ተወልዳ ዛሬ በአሜሪካ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የቁሳቁስ ሳይንስ ፕሮፌሰር ናት። የምታጠናው «ሱፐርፕሮቶኒክ» የሚባሉ ቁሶችን ነው፤ በውስጣቸው ከኤሌክትሮን ይልቅ ፕሮቶን ይፈሳል። እንቅፋቱ እንደ ሱፐርኮንዳክተር ዜሮ ባይሆንም ከተወሰነ ሙቀት በላይ በድንገት በብዙ እጥፍ ይቀንሳል። በአንዱ ቁስ፣ በሲዚየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት ላይ፣ ክርክር ተነስቶ ነበር። ቁሱ ሲሞቅ ውኃ እያጣ ስለሚፈርስ፣ የታየው ዝላይ የእውነት ነው ወይስ የመፍረሱ ውጤት የሚል። በ2003 ከባልደረቦቿ ጋር ያሳተመችው ጥናት ቁሱን በ1 ጊጋፓስካል ገደማ ጨምቆ መፍረሱን ከለከለው፤ ዝላዩም በ260 ዲግሪ ሴልሺየስ ታየ። ግፊት ዳኛ ሆኖ ፈረደ። በአገር ውስጥም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ክፍል ሱፐርኮንዳክቲቪቲና ማግኔት በአንድ ቁስ ውስጥ አብረው ስለሚኖሩበት ሁኔታ የንድፈ ሐሳብ ጥናቶች ተሠርተዋል። ለዚህ ሥራ ፈሳሽ ሂሊየም አያስፈልግም፤ ብዕር፣ ኮምፒዩተርና ትዕግሥት ይበቃሉ።

የሚሠራበት ጥያቄም አላለቀም። በ2019 ይፋ የሆነው የዩራኒየምና የቴሉሪየም ውህድ መጀመሪያ በ1.6 ኬልቪን፣ ክሪስታሉ ሲጠራ ደግሞ ከ2 ኬልቪን በላይ ሱፐርኮንዳክተር ሆኗል። ጥቂት ሲጨመቅ ከአንድ በላይ የሱፐርኮንዳክቲቪቲ ዓይነት ያሳያል፤ ጥንዶቹ በምን ወግ እንደተጋቡ ግን ተመራማሪዎቹ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

የጊንጪው መንገደኛ ደጁ ሲደርስ ዋልካውን በእንጨት ፍቆ ይገባል። ኤሌክትሮኑንም እንዲሁ ማጽዳት ይቻላል፤ የሴሪየም ክሪስታል ከጎጆው ክዳን ወዲያ እየተጨመቀ ሲሄድ ኤሌክትሮኖቹ እየቀለሉ፣ እየቀለሉ ይመጣሉ። ዋልካው ሲራገፍ ግን ሱፐርኮንዳክቲቪቲውም አብሮ ይራገፋል።